ሜሪ ዝም ያለችበት ቀን

የአንድ ዓርብ ታሪክ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ከአሮጌ ኮምፒውተር ወደ አዲስ ኮምፒውተር ለማዛወር ስል እንዴት ላብ በላብ እንደሆንኩ ነው የማጫውታችሁ። የላቡ ግማሽ የጋምቤላ ሙቀት ያመጣው ነበር፤ ሌላው ግማሽ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

ያን ጊዜ ጋምቤላ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ኒውላንድ ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ስሜ ሰለሞን ነው፤ ሰፈሩ ግን «ሶል ፎርማት» ይለኝ ነበር። ስሙን ያገኘሁት በሥራዬ ነው። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው? ፎርማት። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። አንዴ አንዲት ነርስ «ላፕቶፔ ድምፅ አልሰጥ አለኝ» ብላ መጣች። ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ አዲስ ዊንዶው ጭኜ ሳስረክባት፣ ለካ ድምፁን ቀድሞውኑ ራሷ ዘግታው ኖሯል። እኔ ግን አላፈርኩም። «ቢያንስ አሁን ንጹሕ ሆነ» አልኳት።

መምህር ኦባንግ ወደ ሱቄ የመጡት በዚያ ዓርብ ጠዋት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ግራ እጃቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አሪየት ትከሻ ላይ አርፏል። ጥቁር መነጽራቸውን ሳይ ነው ዓይነ ስውር መሆናቸውን የተረዳሁት።

«ሰለሞን የምትባለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ መምህር፤ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፤ ቤት ድረስ ትመጣልኛለህ። አሮጌው ኮምፒውተሬ በሙቀት እየጠፋ አስቸግሮኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ተሰባስበው አዲስ ከአዲስ አበባ አስመጥተውልኛል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ትወስድልኛለህ።»

«ቀላል ነው። አዲሱ ላይ አዲስ ዊንዶው እጭናለሁ፤ ከዚያ ፋይሎችዎን…»

«አይሆንም» አሉኝ። ድምፃቸው የመምህር ድምፅ ነው፤ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «ይቅርታ ቲቸር» ልል ምንም አልቀረኝ። «አዲስ ነገር አትጭንም። ያለው ሁሉ እንዳለ ይዛወር። አንድም ነገር ከቦታው እንዳይነቃነቅ።»

ወይዘሮ አሪየት ሳቁ። «ጣውንቴ ታማለች፤ እሷን ነው የምታክመው። በደንብ አክማት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ግን አትቸኩል» ሲሉ ጨመሩ።

ነገሩ የገባኝ ወደ ቤታቸው ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው። መምህር ኦባንግ ጎግ ወረዳ ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምረዋል። ዓይናቸውን በሕመም ካጡ በኋላ ግን በጆሯቸው መሥራት ተማሩ። የመዘምራን መዝሙር ይቀዳሉ፤ የተሳሳተውን ይቆርጣሉ፤ ያልተስተካከለውን ያስተካክላሉ። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። የሚያነበው በሴት ድምፅ ነው፤ እሳቸውም «ሜሪ» ብለው ስም አወጡላት። ሜሪንና የመዝሙር መቁረጫውን ፕሮግራም የጫነላቸው ወዳጃቸው ውጭ አገር ከሄደ ቆይቷል፤ የጫነበት ሲዲም የለም። እሁድ መዘምራኑ አቦቦ ላይ በሚደረግ ኮንፈረንስ ሊያገለግሉ ይሄዳሉ። ሁለት መዝሙር ገና አልተቆረጠም።

«አሥራ አንድ ዓመት ቤቴ ኖራለች» አሉኝ ወይዘሮ አሪየት። «አንድ ቀን ውኃ አልቀዳች፤ አንድ ቀን አልጠረገች። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር ወሬ ብቻ!»

መምህር ፈገግ ብለው ወደ ባሮ ወንዝ አቅጣጫ ዞሩ።

ቤታቸው ግቢ ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀምጬ አሮጌውን ፈታሁት። ክዳኑን ሳነሳው ከውስጡ አንዲት እንሽላሊት ዘልላ ወጣችና በእግሬ መሐል ሮጣ በበሩ ሾለከች።

«ሜሪ አመለጠች!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ አሪየት።

መምህርም ሳይቀሩ ሳቁ። ሜሪም መዝሙሮቹም የተቀመጡበትን ሃርድ ዲስክ ፈትቼ ሳወጣው ግን እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ለጥቂት ጊዜ ክብደቱን እንደሚመዝን ሰው ያዙትና፣ «ይሄው ነው? ይቺን ታክላለች?» ብለው መለሱልኝ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ምንም ነገር ከመንካት በፊት ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። እኔ አልገለበጥኩም። «ብሎን ፈትቶ ብሎን ማሰር ነው፤ ምን ይመጣል?» አልኩ። ሃርድ ዲስኩን አዲሱ ሳጥን ውስጥ አሰርኩት። አዲሱ ሲዲ ማንበቢያ ስላልነበረው የአሮጌውንም ነቅዬ ገጠምኩለት። ከዚያ አበራሁ።

ዊንዶው መነሳት ጀመረ። ደስ ብሎኝ «ይኸው!» ልል አፌን ስከፍት ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ፤ ነጭ ጽሑፍ ተደረደረበት፤ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ተነሳ። ደግሞ ሰማያዊ። ደግሞ ጠፋ።

«ምን አለች?» አሉኝ መምህር።

«እየተነሳች ነው መምህር፤ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።»

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሊጠጋ አስተምሬአለሁ። ተማሪ ሲዋሽ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ወንበርህ እየጮኸ ነው።»

ወንበሩ በእርግጥም ይጮኽ ነበር። አቆምኩት። «ሰማያዊ ሆነ» አልኳቸው። «የድሮው ዊንዶው አዲሱን ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ አላወቀውም።»

«እንዲህ በለኝ። አሁን ሥራ።»

የሚገርመው፣ እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ ጭንቅላቴ ተከፈተ። ማዘርቦርዱ ራሱ ማስተካከያ ገጽ አለው፤ ገባሁና ሃርድ ዲስኩን በድሮው አሠራር እንዲያነብ አዘዝኩት። እንደገና አበራሁ። ሰማያዊው አልመጣም። ዊንዶው ተነሳ፤ የፓስወርድ መጻፊያዋ ሳጥን ብቅ አለች።

ጮቤ ረገጥኩ። ብዙም አልቆየሁ።

ማውሱን ሳንቀሳቅሰው ቀስቱ አይንቀሳቀስም። ኪቦርዱን ስነካው ምንም የለም። ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፤ ምንም። ከደቂቃ በፊት በማስተካከያው ገጽ ላይ የሠራ ኪቦርድ አሁን እንጨት ሆኗል። የአሮጌው ዊንዶው ዕድሜ ነው ችግሩ፤ እሱ በተሠራ ጊዜ እንደነዚህ ዓይነት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ስላልነበሩ አያውቃቸውም። እንዲያውቃቸው የሚያደርገው ፕሮግራም ከማዘርቦርዱ ጋር በመጣው ሲዲ ላይ አለ። ሲዲውን ለመጫን ደግሞ ፓስወርድ ተጽፎ መግባት ያስፈልጋል። ፓስወርድ ለመጻፍ ኪቦርድ ያስፈልጋል።

ለመምህር ይህን ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝና፣ «ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል ማለት ነው» አሉኝ።

የሳጥኑን ጀርባ ዞሬ አየሁ። ከዩኤስቢዎቹ በላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለች። የድሮ ኪቦርዶች የሚሰኩባት፣ ትንንሽ እግር ያለው ክብ ሶኬት የሚገባባት ቀዳዳ! እሷን አሮጌው ዊንዶው ያውቃታል። ክብ ሶኬት ያለው አንድ ኪቦርድ ከተገኘ ሁሉም ነገር ይፈታል።

እንደዚህ ዓይነት ኪቦርድ ሱቄ ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ነበረኝ። ባለፈው ወር ለቆራሌው ሰጥቼዋለሁ። «ቦታ ከሚይዝ» ብዬ።

ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። «ክብ?» አለኝ። «ካሴት ማጫወቻስ አብሬ ልፈልግልህ?» ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ከአቧራ ውስጥ አንድ ኪቦርድ ጎትቶ አወጣልኝ። ክብ ሶኬት! ልቤ ዘለለ። ሽቦውን እስከ መጨረሻ ሳየው ግን አይጥ በልታው መሐሉ ላይ ተበጥሷል። ሰዓቱ ስድስት አልፏል። አስፋልቱ ላይ እንፋሎት የሚነሳ ይመስላል።

ባጃጅ ነጂው ምን እንደምፈልግ ሲሰማ ቆይቶ ዞረ። «እትዬ አልማዝ ጋ ለምን አትጠይቅም? ማመልከቻ ሳጽፍ አይቻለሁ፤ ኪቦርዷ በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ነው የሚጮኸው። እንደዚያ የሚጮኽ አዲስ ዕቃ የለም።»

እትዬ አልማዝ ከገበያው ጀርባ የጽሕፈት ሥራ ሱቅ አላቸው። ከደጋው አገር በጸሐፊነት ተመድበው በወጣትነታቸው መጥተው፣ ጡረታ ወጥተውም እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ስገባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በር በሩን እያዩ፣ ጣቶቻቸው ብቻቸውን ይሮጣሉ። ጎንበስ ብዬ የሽቦውን ጫፍ አየሁ። ክብ!

«እትዬ አልማዝ፣ ይህን ኪቦርድ ለአንድ ሰዓት…»

«አይታሰብም።»

«አስይዤ ልሂድ። ስልኬን…»

«ስልክህን ምን ላድርገው? ስማኝ፤ ሦስት ኮምፒውተር ቀይሬአለሁ፤ ይህን ግን አልቀየርኩም። አዲሶቹን ስመታቸው እንደ ጎማ ናቸው፤ ፊደሉ ይግባ አይግባ አላውቅም። ይሄ እጄ ነው። እጄን አላውስም።»

ተስፋ ቆርጬ በር ላይ ቆምኩ። ከዚያ ስለ መምህር ኦባንግ ነገርኳቸው፤ ስለ ሜሪ፣ ስለ እሁዱ መዝሙር፣ ኮምፒውተሩን እንደቆለፍኩባቸውም። እትዬ አልማዝ ጣታቸውን አቆሙ።

«ዓይነ ስውር ሆነው ይጽፋሉ?»

«ከእኔ ይፈጥናሉ አሉ።»

መነጽራቸውን አወረዱ። ኪቦርዱን ነቀሉት፤ በነጠላቸው ጠቀለሉት። «ኪቦርዱ ብቻውን አይሄድም። እኔም እሄዳለሁ» አሉና፣ እንደሚሸጥ ዶሮ ብብታቸው ሥር ይዘው ባጃጁ ውስጥ ቀድመውኝ ገቡ።

ክቡን ሶኬት ሰክቼ ኮምፒውተሩን አበራሁት። አንዱን ቁልፍ ስነካ ሳጥኗ ውስጥ ነጥብ ታየች። ሠራ!

«መምህር፣ ፓስወርድዎን ይንገሩኝ።»

«አልናገርም። ጣቴ ያውቀዋል» ብለው መጥተው ተቀመጡ። እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አኖሩ። ጣታቸው ወዲያ ወዲህ አለ፤ አንድ ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። ጻፉ። «የተሳሳተ ነው» አልኳቸው። ደግመው ጻፉ። የተሳሳተ።

«ምልክቷ የለችም» አሉ ግራ ተጋብተው።

እትዬ አልማዝ ቶሎ ገባቸው። እናንተም ኪቦርድ ካላችሁ ዳብሱት፤ መሐል ላይ ሁለት ቁልፎች ላይ ትንንሽ ጉብታ አለች። የማያይ ሰው፣ ሳያይ የሚጽፍ ሰውም፣ እጁን የሚያሳርፈው እሷን ፈልጎ ነው። የእትዬ አልማዝ ኪቦርድ ላይ ግን ያቺ ጉብታ በብዙ ዓመት ማመልከቻ ተፍቃ አልቃለች።

«ይንገሩኝና እኔ ልጻፈው መምህር» አሉ እትዬ አልማዝ። «ጸሐፊ ነኝ፤ ምስጢር እጠብቃለሁ።»

መምህር ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «አሪየት እዚህ አለች?»

«አለሁ» አሉ ወይዘሮ አሪየት ከበሩ። «ወዴት እሄዳለሁ?»

መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንግሊዝኛ ፊደል እንደሚያስቆጥር መምህር፣ ቀስ ብለው፣ «ኤ… አር… አይ… ኢ… ቲ» አሉ። «ከዚያ የተጋባንበት ዓመት።»

እትዬ አልማዝ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ኪቦርዱ አቀረቀሩ። እኔ ጣሪያ ማየት ጀመርኩ። ወይዘሮ አሪየት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙና፣ «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ያቺ ሴት በእኔ ስም ነው የምትገባው?»

«በሌላ ስም አታልፍም» አሉ መምህር።

ወይዘሮ አሪየት ወጣ አሉ። ተመልሰው ሲመጡ ለሁላችንም ማንጎ ቆራርጠው ይዘው ነበር፤ ትልቁን ሳህን ባላቸው ፊት አኖሩ።

ፓስወርዱ አለፈ። ሲዲውን ከትቼ ፕሮግራሞቹን መጫን ጀመርኩ። አረንጓዴዋ መስመር ግማሽ ደረሰች፤ ከግማሽ አለፈች፤ ከዚያ መብራት ጠፋ።

ማራገቢያው እየቀነሰ እየቀነሰ ቆመ። ስክሪኑ ጨለመ። ሃርድ ዲስክ እየተጻፈበት መብራት ሲጠፋ በላዩ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል።

«ውጭ እንቀመጥ» አሉ መምህር። «እዚህ እንቀቀላለን።»

ማንጎው ሥር ተቀመጥን። መምህር፣ «ሰለሞን፣ ከመጀመርህ በፊት ገልብጠኸዋል?» አሉኝ።

የዛፉ ሥር ላይ ስለነበር የተቀመጥኩት የሚጮኽ ወንበር የለም። መዋሸት እችል ነበር።

«አልገለበጥኩም መምህር። ከተበላሸ… የሚመለስበት መንገድ የለኝም።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ከንፈራቸውን ገልጠው የጎደለ የፊት ጥርሳቸውን አሳዩኝ።

«ይህን ታያለህ? ዓይኔ በጠፋ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አሪየት ለበዓል ቤቱን አጸዳች። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ጠረጴዛውን አልጋው ቦታ አደረገችው።»

«አምሮ ነበር» አሉ ወይዘሮ አሪየት በቀስታ።

«አምሮ ነበር አሉ፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ አደነቀ። እኔ ከውጭ ገባሁ፤ እንደ ልማዴ ስምንት እርምጃ ሄድኩና አልጋዬ ላይ ልወድቅ ራሴን ጣልኩ። ጠረጴዛው ጥርሴን ተቀበለኝ። እሷ ቤቱን አሳመረች፤ እኔን ግን ከቤቴ አስወጣችኝ። እስካሁን ስታወራው ታለቅሳለች።»

«አላለቅስም» አሉ ወይዘሮ አሪየት፤ ዓይናቸውን እያበሱ።

«ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው» አሉኝ መምህር። «የቀስቱን ቁልፍ ስምንት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ እዚያ መዝሙሮቼ አሉ። አይቼው አላውቅም፤ ግን እያንዳንዱ ነገር የት እንዳለ አውቃለሁ። አዲስ ብትጭንልኝ ላንተ ያምር ነበር።»

ስንት ሰው ቤት ገብቼ አልጋ አዙሬ ወጥቻለሁ? ያቺን ነርስ አስታወስኳት። ላፕቶፗን ስትቀበለኝ «ፋይሎቼ የነበሩበት ቦታ የሉም» ብላኝ ነበር፤ እኔ «ትለምጂዋለሽ» ብያት ነበር።

እስኪመሽ መብራት ባይመጣስ እያልኩ ሳስብ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ የጎረቤት ሬዲዮ ድንገት ጮኸ። ሁላችንም ተነሳን። እትዬ አልማዝ ሳይቀሩ ሮጡ።

አበራሁት። ጥቁር ስክሪን። አሁንም ጥቁር። «ንገረኝ» አሉ መምህር። «ምንም የለም… አሁንም የለም… ዊንዶው ዲስኩን ልመርምር ይላል… እየመረመረ ነው… ሃያ… አርባ…» እንደ ኳስ አስተላላፊ እየቆጠርኩ ነገርኳቸው። መቶ ሲሞላ ገባ። ፓስወርዱን እትዬ አልማዝ ሳይጠየቁ ጻፉት። የተቋረጠውን ከመጀመሪያ ጫንኩ፤ መጀመሪያ የዩኤስቢውን፣ ከዚያ የድምፁን። የመምህርን የራሳቸውን ኪቦርድ ሰካሁላቸው። ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጉብታዋን አገኟት።

ከድምፅ ማጉያው ቋ የሚል ነገር ወጣ። ከዚያ ያ የተቆራረጠ፣ የአፍንጫ የሚመስል የሴት ድምፅ ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ፣ እኔ መከተል በማልችለው ፍጥነት።

መምህር ፊታቸው በራ። ስምንት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ። ክፍሉ በአኙዋክኛ መዝሙር ተሞላ፤ ከበሮው፣ የሴቶቹ ድምፅ፣ መሐል ላይ የአንድ ሰው ሳል። መምህር አንዲት ቁልፍ ተጫኑ። ሳሉ ጠፋ።

«መጣች!» አሉ ወይዘሮ አሪየት። «በሉ እንግዲህ ልትለፈልፍ ነው!» ቀድመው እልል ያሉትም እሳቸው ናቸው።

እትዬ አልማዝ ከመሄዳቸው በፊት መምህር ኪቦርዱን ከእጃቸው ተቀብለው፣ ሁለቱ ቁልፎች ላይ በጉብታዋ ፋንታ አንዳንድ ጠብታ ማጣበቂያ እንዳደርግ አዘዙኝ። ሲደርቅ እትዬ አልማዝ ዳበሱት። «ደግ አደረጋችሁ። እኔም ዓይኔ እየደከመ ነው» ብለው በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። እኔ እዚያው ቀረሁና፣ ጠዋት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ሁሉንም ገለበጥኩ። መዝሙሮቹ ለእሁድ ደረሱ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ትሉኝ ይሆናል። ሥራዬ ተለወጠ። አሁን ሰው ኮምፒውተር ሲያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደተበላሸ አይደለም፤ ምኑን እንዳልነካበት እንደሚፈልግ ነው። ብዙ ሰው ጥያቄው ግር ይለዋል፤ ከዚያ መናገር ሲጀምር አያቆምም። መምህር ኦባንግ ጋም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ስክሪን አጥፍቼ በጆሮ ብቻ መሥራት እያስተማሩኝ ነው። «ከአንተ ተማሪ አይወጣም» ብለዋል፤ ግን አላባረሩኝም።

ከዚያ ዓርብ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። እናታችን ደሴ ብቻዋን ናት፤ ዓይኗ እየደከመ ሄዷል። ወንድሜ እሱ ጋ ሊወስዳት ወስኗል፤ አዲስ አልጋ፣ አዲስ ቁም ሣጥን ገዝቶ ክፍል አዘጋጅቷል። «የድሮውን ዕቃ እንሽጠውና በቀላሉ ትምጣ» አለኝ። ከሦስት ወር በፊት ቢሆን «ጎበዝ» እለው ነበር።

ፈቃድ የሚሰጠኝ አለቃ የለኝም፤ ሱቄን ዘግቼ ደሴ ሄድኩ። ክፍሏን በሜትር ለካሁ፤ ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውኃ ማሰሮዋ፣ ራዲዮዋ በየትኛው ጎን እንዳለ። ያን አሮጌ አልጋ ጭነት መኪና ላይ ጭነን ስንወስድ ወንድሜ ሲስቅብኝ ነበር። አዲስ አበባ ደርሰን ሁሉን በልኬ መሠረት ደረደርኩት። እናቴ በማግሥቱ ጠዋት ነቃች። እኔና ወንድሜ በር ላይ ቆመን እናያታለን። እግሯን አወረደች፤ አራት እርምጃ ሄደች፤ እጇን ሳትዳብስ ዘረጋችና ማሰሮዋን አነሳች። ውኃ ጠጣች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ቤቴ አይደለም እንዴ?» አለችን።